የልጆች ዲጂታል ቼክ ኢን በቤተ ክርስቲያን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ የአማርኛ ተናጋሪ አጥቢያዎች የልጆች አገልግሎት አስተባባሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ቼክ ኢን ሲባል ምን ማለት ነው?

ወላጅ ልጁን ወደ ክፍል ከማስገባቱ በፊት በር ላይ ባለ ታብሌት ስሙን ፈልጎ ያስመዘግባል። ፕሪንተሩ ቢያንስ ሁለት ስቲከር ያወጣል፤ አንዱ የልጁ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ወላጁ እጅ ይቀራል። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ኮድ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ሲሆን በየሳምንቱ ይለወጣል። ልጁ ሲወጣ አስተማሪዋ የወላጁን ኮድ ከልጁ ስቲከር ጋር አመሳክራ ታስረክባለች። (ጀርባ ላይ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደረት ላይ የተለጠፈውን ትንንሾቹ ልጠው አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።)

ስሙ ስለ መግቢያ ቢያወራም ቁም ነገሩ ያለው መውጫው ላይ ነው። ስቲከር እያተመ ሲያስረክብ ግን ኮድ የማያይ አጥቢያ የገዛው ውድ የስም መለጠፊያ ማሽን ብቻ ነው።

እኛ ሁላችንም የምንተዋወቅ ሰዎች ነን፤ ለምን ያስፈልገናል?

ክፍተቱን የሚፈጥረው መተዋወቁ ራሱ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ የሁሉም ነው፤ «እትዬ» ወይም «ጋሼ» የሚባል ሁሉ ልጅ እጁን ይዞ ቢወጣ ማንም አይጠይቀውም፣ መጠየቁም እንደ ንቀት ይቆጠራል። በልጆች ላይ ጥቃት የሚያደርሱት ግን በአብዛኛው ልጁና ቤተሰቡ የሚያውቋቸው ሰዎች እንጂ ባዕዳን አይደሉም። ክፋት በሌለበትም እንኳ ስሕተት አለ፦ እናት አባት ወስዶታል ብላ፣ አባት እናት ጋ ነው ብሎ፣ ልጁ ብቻውን የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ይገኛል።

ሕጉ እንዲጸና ከተፈለገ መጀመሪያ በፓስተሩ፣ በካህኑና በሽማግሌዎቹ ልጆች ላይ ይሠራ። ከመጀመሩ በፊት ሦስት ተከታታይ እሑድ ከመድረክ ይነገር። ለአስተማሪዎችም የሚሉትን ቃል አስቀድማችሁ አስጠኗቸው፦ «ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ ኮዱን ሳላይ መልቀቅ አልተፈቀደልኝም»። የሃያ ዓመት ወጣት የእናቷን ጓደኛ ፊት ለፊት እንድትከለክል ብቻዋን መተው የለባትም፤ ከጎኗ በዕድሜ ጠና ያለ አንድ አስተናጋጅ ይቁም።

ሲስተሙ ካለ ባክግራውንድ ቼክ ይቀራል?

አይቀርም። ቼክ ኢን የሚቆጣጠረው ልጅ ከማን ጋር እንደገባና እንደወጣ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ስለሚሆነው አንዳች አያውቅም። የአገልጋዮች የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ፣ በማንኛውም ክፍል ዘመድ ያልሆኑ ሁለት አዋቂዎች መገኘት፣ በር ላይ መስታወት መኖሩ ለብቻቸው የሚቆሙ ሕጎች ናቸው። ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ሲያገለግሉ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ወደ 40 ልጅ ላለው አጥቢያ ሁለት ታብሌት፣ ሁለት የስቲከር ፕሪንተርና አንድ የራሳችሁ ራውተር ይበቃል። ፕሪንተሩ በሙቀት የሚያትም ስለሆነ ቀለም አይገዛለትም፤ በአጥቢያዎች ዘንድ የተለመዱት ብራዘር ኪውኤል 820 እና ዳይሞ ሌብልራይተር ናቸው። ዳይሞ 550 የሚቀበለው የራሱን ኩባንያ የስቲከር ጥቅል ብቻ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ፤ ርካሹን ጥቅል ከገዛችሁ ፕሪንተሩ አላትምም ይላል።

የስቲከር ፍጆታ እንዲህ ይሰላል፦ ለ40 ልጆች 40፣ ለ25 ቤተሰብ የወላጅ ደግሞ 25፣ በድምሩ 65 በአንድ እሑድ። 29 በ90 ሚሊ ሜትር የሆነው የብራዘር ጥቅል 400 ፍሬ አለው፤ ስለዚህ ስድስት ሳምንት ያስኬዳል። ምንጊዜም ሁለት ያልተከፈተ ጥቅል ይኑራችሁ። በበጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በሙቀት የሚያትም ወረቀት ስለሆነ ሙቀቱ ራሱ ያጠቁረዋል።

የትኛውን ሶፍትዌር እንምረጥ?

ፕላኒንግ ሴንተር የሚያስከፍለው በቀን በሚመዘገበው ሰው ብዛት ነው፤ ለጥቂት ሰው ነፃ ደረጃ ስላለው ትንሽ አጥቢያ ሳይከፍል ሊሞክረው ይችላል። ኪድቼክ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ነው። ሮክ አርኤምኤስ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ ቢሆንም የሚያስተናግደው ሰርቨር (ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) እና የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል፤ በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ካለና እሱም ወደ ሌላ ስቴት ለመዛወር የሚያስብ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ስትመርጡ አራት ነገር ጠይቁ፦ በስልክ ቁጥር መፈለግ ይቻላል? ለአንድ ልጅ የተፈቀዱና የተከለከሉ ሰዎችን ለይቶ ይመዘግባል? ሲወጣም ሰዓቱን ይይዛል? አሁን ባለን ፕሪንተር ያትማል? ሌላው ጌጥ ነው።

ሲስተሙ ቤተሰቦቻችንን ለምን ይበታትናቸዋል?

አብዛኞቹ ሲስተሞች የተሠሩት አባት፣ እናትና ልጆች አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው ተብሎ ነው። የእኛ ሰው ግን ሚስት በራሷ አባት ስም ትጠራለች፤ አንዱ ልጅ በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ይሆናል። በቤተሰብ ስም ሲፈለግ አንድ ቤት ሦስት ቦታ ይወጣል። መፍትሔው ስሙን ትቶ በስልክ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች መፈለግ ነው። የሁለቱም ወላጆች ስልክ በአንድ ቤተሰብ ሥር ይግባ።

የስም አጻጻፍም ሌላ ጣጣ አለው። ያው ስም በላቲን ፊደል አባት በአንድ መንገድ፣ እናት በሌላ ትጽፈዋለች፤ ልጁ ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። አደጋው የቁጥር መዛባት አይደለም፦ እናት የኦቾሎኒ አለርጂውን የጻፈችው በአንደኛው መዝገብ ላይ ሲሆን፣ አባት ያመጣው ቀን የሚታተመው ከሌላው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚጠራበትን አጻጻፍ ያዙ፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የተደገሙ ስሞችን ፈልጋችሁ አዋህዱ። ቤት ውስጥ «ባቢ» የሚባል ልጅ በመዝገብ ስሙ ሲጠራ ስለማይዞር የቤት ስሙም ይግባ።

የልደት ዓመትን በተመለከተም ተጠንቀቁ። አያት የልጅ ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ «2012» ሊሉ ይችላሉ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለታቸው ነው። እሱ በፈረንጅ 2019 ወይም 2020 ነው። ዝም ብሎ ከተጻፈ ሲስተሙ ትንሹን ልጅ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ክፍል ይመድበዋል። ዓመቱን ሳይሆን «ስንተኛ ክፍል ነው?» ብሎ ደግሞ መጠየቅ ስሕተቱን ወዲያው ያጋልጣል።

ስቲከሩ ላይ በአማርኛ ማተም ይቻላል?

ስክሪኑ ላይ በትክክል የሚታየው ፊደል ስቲከሩ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ፕሪንተሩ በውስጡ ባለው የራሱ ፊደል የሚያትም ከሆነ የግዕዝ ፊደል አይኖረውም፤ ዜብራ በተባለው ኩባንያ ፕሪንተሮች ላይ ይህ ይታያል። ጽሑፉ ታብሌቱ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ምስል ተለውጦ የሚላክ ከሆነ ግን ይሠራል። ከመግዛታችሁ በፊት «ወልደ ገብርኤል»ን በመሰለ ረጅም ስም ሞክሩ።

ቢቻልም ስሙ በላቲን ፊደል ጎላ ብሎ፣ አማርኛው ከሥሩ አነስ ብሎ ቢታተም ይሻላል። ክፍሉን የሚረዱት እዚህ ያደጉ ወጣቶች ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም፤ አምቡላንስ ቢጠራም የሚመጣው ሰው አያነብም።

ባለፈው ሳምንት የሠራው ፕሪንተር ዛሬ ለምን አልሠራም?

አዳራሽ ተከራይታችሁ የምትሰበሰቡ ከሆነ መጀመሪያ የባለቤቶቹን ዋይፋይ ጠርጥሩ። የእንግዳ ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ያግዳል፤ ታብሌቱ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ፕሪንተሩን ግን አያየውም። «እስማማለሁ» የሚል ገጽ የሚያወጣ ዋይፋይ ከሆነ ደግሞ ፕሪንተር ያንን ገጽ መጫን ስለማይችል ጭራሽ አይገባም። ትንሽ የጉዞ ራውተር ገዝታችሁ ታብሌቶቹንና ፕሪንተሮቹን በእሱ ላይ ብቻ አገናኙ፤ ራውተሩ ኢንተርኔቱን ከአዳራሹ ወይም ከአንድ ስልክ ይውሰድ። ብራዘር 820 የሚያየው 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ብቻ ነው፤ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ከተዋቀረ አይገናኝም።

ሌሎቹ ምክንያቶች ቀለል ያሉ ናቸው። የፕሪንተሩ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ከሳምንት ሳምንት ሊቀየር ይችላል፤ ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጉት። በሶፍትዌሩ የተመረጠው የስቲከር መጠን ከገባው ጥቅል ጋር ካልገጠመ ቀይ መብራት ይበራል። ሥራ ሲፈታ ራሱን እንዲያጠፋ የተዋቀረ ፕሪንተርም አለ፤ ማዋቀሪያው ውስጥ ገብታችሁ አንሱት። ከሁሉ በላይ ግን ሰው ከመምጣቱ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ አንድ ስቲከር አትሙ።

ሰልፉን እንዴት እናሳጥር?

የተመዘገበ ቤተሰብ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል ብላችሁ ብታስቡ 25 ቤተሰብ በአንድ ታብሌት ከ12 ደቂቃ በላይ ነው፤ በሁለት ታብሌት በስድስት ደቂቃ ያልቃል። አዲስ ቤተሰብ ግን ሦስት አራት ደቂቃ ይወስዳል፤ አንዱ ብቻ ሰልፉን ሁሉ ያስቆማል። ስለዚህ አዲስ መጪ የራሱ ጠረጴዛና የራሱ አገልጋይ ይኑረው። መዝሙሩ ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣው ብዙ ስለሆነ (የሐበሻ ሰዓትን ማን ያስተካክለዋል?) አንድ ታብሌት አገልግሎቱ እስኪያልቅ ሰው ይኑርበት።

በኦርቶዶክስ አጥቢያዎች ነገሩ ይለያል። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ያስቀድሳሉ፤ ቼክ ኢን የሚጀምረው ከቅዳሴ በኋላ የሕፃናት ክፍል ሲከፈት ነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። እዚያ ወላጆች ጠዋት ሲገቡ ወይም ከቤታቸው በስልክ አስቀድመው እንዲያስመዘግቡ ማድረግና ስቲከሩን ብቻ በክፍሉ በር ማተም ያዋጣል። ለፋሲካ፣ ለገናና ለበጋ ኮንፈረንስ ደግሞ እንግዳ ስለሚበዛ ጠረጴዛውን እጥፍ አድርጉ።

አለርጂን እንዴት እንመዝግብ?

ሲመዘገብ የሚሞላው ሣጥን ባዶ ከሆነ «የለበትም» ማለት አይደለም፤ «አልተጠየቀም» ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጁ «ምንም የለም» ብሎ እንዲመርጥ አስገድዱት። ስቲከሩ ላይ አለርጂው ከስሙ ሥር በጉልህ ይውጣ፤ ቃሉም ዝርዝር ይሁን፣ «ምግብ» ሳይሆን «ኦቾሎኒ»።

በጾም ወቅት ተጠንቀቁ። ወተትና እንቁላል ሲቀር ቦታቸውን የሚተኩት የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሰሊጥና የለውዝ ወተት ናቸው፤ ሁሉም አለርጂ ያስነሳሉ። በአሜሪካ ሰሊጥ ከጃንዋሪ 1, 2023 ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ በግድ መገለጽ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ሆኗል። ከቤት ተጋግሮ የመጣ ዳቦ ግን መግለጫ የለውም፤ ክፍል ውስጥ የሚቀርበው የታሸገ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ኢፒፔን (ለከባድ አለርጂ በአስቸኳይ የሚወጋ መድኃኒት) ያለው ልጅ መድኃኒቱ ስሙ ተጽፎበት አስተማሪዋ እጅ ይግባ እንጂ እናቱ ቦርሳ ውስጥ አዳራሹ ውስጥ አይቀመጥ።

ወላጅ ስቲከሩን ቢጥለው ምን ይደረጋል?

ልጁን ማገት አይደለም፤ ኮዱን ከልጁ ጀርባ አንብቦ መንገርም አይደለም። ወላጁ ወደ ቼክ ኢን ጠረጴዛው ይመለስ፤ እዚያ ያለው ኃላፊ ፎቶ ያለበት መታወቂያ አይቶ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር፣ ከዚያ የወላጁን ስቲከር እንደገና ያትም። ማን እንዳተመና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። ይህ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ዓላማውም አንዱ እሱ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስቲከሩ አይጠፋም።

የስቲከሩን ፎቶ በቴሌግራም ልኮ ሌላ ሰው ሊያስወስድ ይችላል?

አይፈቀድ። ፎቶ ሲተላለፍ ኮዱ የማን እጅ እንደገባ አይታወቅም። አክስት ወይም አያት አዘውትረው የሚወስዱ ከሆነ በመዝገቡ «የተፈቀደላቸው» ተብለው ከፎቷቸው ጋር ይግቡ፤ የዕለት ለውጥ ከሆነ ወላጁ ራሱ በተመዘገበው ስልኩ ይደውል፣ ኃላፊውም መልሶ በዚያው ቁጥር ደውሎ ያረጋግጥ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ስንት ዓመት ሲሞላቸው መውሰድ እንደሚችሉ አጥቢያው በጽሑፍ ይወስን፤ 18 ብሎ መቁረጥ ክርክር ያስቀራል።

ኢንተርኔት ቢጠፋስ?

ባለሁለት ክፍል የዕጣ ትኬት ጥቅል ገዝታችሁ ከቼክ ኢን ዕቃዎቹ ጋር አስቀምጡ። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ቁጥር ስላላቸው አንዱ በልጁ ጀርባ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ሌላው ለወላጅ ይሰጣል፤ ቁጥሩ፣ ስሙና አለርጂው በወረቀት ዝርዝር ላይ ይጻፋል። ቁጥሮቹ ተከታታይ ስለሆኑ ለመገመት ይቀላሉ፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ትኬቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ጠይቁ።

ኢንተርኔት ባይጠፋም ምዝገባው ሲረጋጋ የየክፍሉ ዝርዝር በወረቀት ታትሞ በበሩ ጀርባ ይንጠልጠል። የእሳት ደወል ሲጮህ አስተማሪዋ ይዛ የምትወጣው እሱን ነው። ታብሌት ፍለጋ የሚመለስ ሰው መኖር የለበትም።

ወላጆች ቢፋቱና አንዱ «ለሌላው እንዳትሰጡ» ቢለን?

የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቅጂ ጠይቁ። በአሜሪካ ትዕዛዝ ከሌለ በሕግ ወላጅ የሆነን ሰው አጥቢያው በራሱ ሥልጣን ሊከለክለው አይችልም፤ ያልተጋቡ ወላጆች ጉዳይ ደግሞ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ጠበቃ ይጠየቅ። ሽማግሌ ሆኖ ማስታረቅ የአጥቢያው ሥራ ሊሆን ይችላል፣ የልጆች ክፍል በር ላይ ግን አይደለም።

ትዕዛዝ ካለ የተከለከለው ሰው በመዝገቡ ይግባ፤ ሲስተሙ ለኃላፊው ብቻ ማስጠንቀቂያ እንዲያሳይ ይዋቀር እንጂ ስቲከሩ ላይ ምንም አይታተም። ሰውዬው ቢመጣ አስተማሪዋ አትከራከርም፦ በሩን ዘግታ ኃላፊውን ትጠራለች፣ ኃላፊው ለሌላኛው ወላጅ ይደውላል፣ ሰውዬው አልሄድም ካለ ፖሊስ ይጠራል። ኮድ በእጁ ቢኖርም ትዕዛዙ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ መረጃ ማን ያየዋል?

በር ላይ ያለ አገልጋይ ስምና አለርጂ ብቻ፣ ኃላፊው ስልክና የተፈቀዱ ሰዎችን፣ የፍርድ ቤት ወረቀትን ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ። ታብሌቱ ከቼክ ኢን ገጽ እንዳይወጣ ይቆለፍ፤ አይፓድ ላይ «ጋይድድ አክሰስ» የሚባለው ይህን ያደርጋል። አገልግሎት ያቆመ ሰው መግቢያ በዚያው ሳምንት ይዘጋ። አንድ የጋራ የይለፍ ቃል ለሁሉም መስጠት በጣም የተለመደው ጥፋት ነው፤ ማን ምን እንደለወጠ ማወቅ አይቻልም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሜይ 25, 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሃይማኖትና የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ የሚያዝ ይለዋል፤ አለርጂም እዚህ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። የልጆችን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ የሚሰጥ ፈቃድ ከቼክ ኢን ቅጹ ጋር አይቀላቀል፤ የተለየ ነው፣ ለየብቻ ይጠየቅ።

አዲስ አበባ ላለ አጥቢያስ ይሠራል?

ሐሳቡ ይሠራል፤ በዶላር በየወሩ የሚከፈለው አገልግሎት ግን በካርድ አከፋፈሉም በኢንተርኔቱም ያስቸግራል። በተከታታይ ቁጥር የታተመ ባለሁለት ክፍል ካርድና የክፍል መዝገብ ዋናውን ጥቅም ይሰጣል። ማተም የሚፈልግ በሱቆች የተለመደውን የደረሰኝ ፕሪንተር በአንድ ላፕቶፕ ላይ አገናኝቶ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ እየሠራ፣ ስምና ኮድ ሊያወጣ ይችላል፤ ወረቀቱ ስለማይጣበቅ በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን በፕላስተር ይያዝ።

ሲስተሙ ልጁ ገና አልወጣም ይላል፤ ክፍሉ ግን ባዶ ነው። ምን እናድርግ?

በአብዛኛው አስተማሪዋ ኮዱን አይታ አስረክባ፣ መውጣቱን ሳትመዘግብ ቀርታ ነው። እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ልጁ እንደጠፋ ቁጠሩት። አንድ ሰው ለወላጁ ወዲያው ይደውል፤ በዚያው ሰዓት ሌላው መውጫ በሮች ላይ ሰው ያቁም፣ ሦስተኛው መጸዳጃ ቤቱን፣ ምድር ቤቱንና የመኪና ማቆሚያውን ይፈትሽ። ወላጁ ካላነሳ ሁለተኛው ቁጥር፣ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ በስም ማስጠራት። ልጁ ካልተገኘ ለፖሊስ ለመደወል ግማሽ ሰዓት አይጠበቅም።

ይህ በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ ሲወጡ መመዝገቡ የተዝረከረከ ነው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ በር ላይ ሲጨናነቅ አንዲት አስተማሪ ኮድ ማየት፣ ታብሌት መንካትና ልጅ ማስረከብ አትችልም። ለሁለት ክፈሉት፦ አንዷ በር ላይ ኮዱን ታያለች፣ ሌላዋ ከውስጥ ልጁን እየጠራች ከወረቀቱ ዝርዝር ላይ ትሰርዛለች፤ ታብሌቱ በኋላ ከዝርዝሩ ይሞላል።